ሴቶች ልጆቻችንና የእግር ኳስ ጨዋታ፤ ከአቦምሳ ሜዳ እስከ አፍሪካ ዋንጫ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አመጋገብ፥ ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ትምህርት ሲጻፍ ማንም አይደነቅም። ስለ ሴቶች እግር ኳስ ሲጻፍ ግን «ይህ ነገር ለስፖርት ወዳዶች ነው እንጂ ለእናትና ለአባት ምን ይመለከታቸዋል?» የሚል ሰው ሳይኖር አይቀርም። መልሱ አጭር ነው። አንዲት ልጅ ኳስ ተጫዋች የምትሆነው ወይም ሳትሆን የምትቀረው በወላጆቿ ቤት፥ ከትምህርት ቤት ወጥታ ፀሐይ እስክትጠልቅ ባለችው በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ያችን ጊዜ የሚሰጧትም የሚከለክሏትም አባትና እናቷ ናቸው።

በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. በሞሮኮ ዋና ከተማ በራባት የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ የመጨረሻው ግጥሚያ ተደርጎ ነበር። ሞሮኮ በገዛ ሜዳዋና በገዛ ሕዝቧ ፊት 2 ለ 0 ስትመራ ቆየች። ናይጄሪያ ግን ተስፋ ሳትቈርጥ ከዕረፍት በኋላ 3 ግብ አግብታ ዋንጫውን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ለዚህ ውድድር ከመላው አፍሪካ 12 አገሮች ተመርጠው ቀርበው ነበር። ከምሥራቅ አፍሪካ ታንዛኒያ በዚያ ተገኝታለች፤ የኢትዮጵያ ስም ግን ከ12ቱ መካከል አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህ ባዶ ወንበር ስለ ምን ባዶ እንደ ሆነ፥ እንደ አቦምሳ ባለች ከተማ የሚኖሩ ወላጆችም ወንበሩን ለመሙላት ምን ማድረግ እንደሚችሉ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውድድሩ ታሪክ ጥቂት እንናገር። በ1983 ዓ.ም. በቻይና ለሚደረገው ለመጀመሪያው የዓለም ሴቶች ዋንጫ አፍሪካን ወክሎ የሚሄደውን ቡድን ለመምረጥ ጥቂት አገሮች እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ፤ ያለፈችውም ናይጄሪያ ነበረች። በ1991 ዓ.ም. በናይጄሪያ አገር 8 ቡድኖች በአንድነት ተሰብስበው ተወዳደሩ። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. የተወዳዳሪዎቹ ቍጥር ወደ 12 ከፍ አለ። ቡድኖች በአንድ አገር ተሰብስበው መወዳደር ከጀመሩ ጀምሮ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከተደረጉት 13 ውድድሮች ናይጄሪያ 10ሩን፥ ኢኳቶሪያል ጊኒ ሁለቱን፥ ደቡብ አፍሪካ አንዱን አሸንፈዋል። የተመልካቹም ቍጥር ከዕለት ወደ ዕለት እየጨመረ ሄዷል። በ2014 ዓ.ም. በራባት ሞሮኮና ናይጄሪያ በግማሽ ፍጻሜ በተገናኙ ጊዜ ከ45,000 ሰው በላይ በስታዲየሙ ተገኝቶ ነበር።

አገራችን በዚህ ውድድር ውስጥ ያላት ታሪክ አጭር ቢሆንም የሚያሳፍር አይደለም። ብሔራዊ የሴቶች ቡድናችን «ሉሲ» ተብሎ ይጠራል። ይህ ስም በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር ከተገኘችው፥ እኛም ድንቅነሽ ብለን ከምንጠራት፥ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካስቈጠረችው ቅሪት የተወሰደ ነው። ያች ጥንታዊት ፍጥረት በዓለም የታወቀችው በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ መሄዷን አጥንቷ ስለ መሰከረላት ነውና፥ በእግራቸው ለሚጫወቱ ልጃገረዶች ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

የሉሲ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ የተገኘው በ1995 ዓ.ም. በናይጄሪያ ነው፤ ያን ጊዜ ከምድቡ ሳያልፍ ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን፥ በመስከረም 1997 ዓ.ም.፥ በአገራችን ደመራ በሚለኰስበት ወር፥ በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር ልጃገረዶቻችን ማንም ያልጠበቀውን ሥራ ሠሩ። አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካ ከምድቧ ሳታልፍ ስትቀር፥ እነርሱ ከአራቱ ከፍተኛ ቡድኖች አንዱ ሆኑ። በግማሽ ፍጻሜ በናይጄሪያ 4 ለ 0 ተሸነፉ። ለሦስተኛነት ከጋና ጋራ በተጋጠሙ ጊዜ ግን ሙሉው ጨዋታ ያለ ግብ አለቀ። ከዚያ በኋላ በ11 ሜትር ርቀት ኳሱን እየተከሉ በመምታት ዕጣ ክፍላቸው ተለየ፤ ጋና 6 ለ 5 አሸነፈች። እንግዲህ በኢትዮጵያና በሦስተኛነት መካከል የነበረው ልዩነት የአንዲት ምት ልዩነት ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ስምንት ዓመት ፈጀ። በ2005 ዓ.ም. በኢኳቶሪያል ጊኒ ለተደረገው ውድድር ቡድናችን ግብፅንና ታንዛኒያን በማጣሪያ አሸንፎ አለፈ፤ በዚያም ከምድቡ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2017ቱ ውድድር ድረስ በሩ አልተከፈተልንም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በማጣሪያ ኡጋንዳ በሜዳዋ 2 ለ 0 አሸነፈችን፤ እኛም በአዲስ አበባ 2 ለ 0 መልሰን አሸነፍናት፤ ሆኖም ዳግመኛ በመለያ ምት ኡጋንዳ አለፈች። ያን ጊዜ በማጣሪያ ያስቀረናት ታንዛኒያ ዛሬ ከዋንጫው ማዕድ ስትቀመጥ እኛ በውጭ ቆመን ማየታችን ሊያሳስበን ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ጥፋቱን በአሠልጣኙ ወይም በተጫዋቾቹ ላይ ይጥላሉ። ነገሩን በጥሞና ለሚመለከት ሰው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ብሔራዊ ቡድን ማለት የአንድ ትልቅ ዛፍ ፍሬ ነው። ሥሩ በየወረዳውና በየትምህርት ቤቱ የሚጫወቱት ብዙ ሺህ ልጃገረዶች ናቸው። ሥሩ ቀጭን ከሆነ ፍሬው አንድ ዓመት ያምር ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ዛፉ ይደርቃል። አሥራ አንዱን ለመምረጥ መቶ፥ መቶውን ለመምረጥ አሥር ሺህ መኖር አለበት። አሥሩ ሺህ ደግሞ ከየቤታችን እንጂ ከሌላ ስፍራ አይመጣም።

የሴቶች ልጆቻችን አካል ለዚህ አይበቃም የሚል ሰው ካለ መልሱን ከአርሲ ምድር ያገኛል። ከአሰላ ወደ ደቡብ በምትገኘው በበቆጂ አካባቢ የተወለደችው ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ አሸነፈች፤ ከጥቍር አፍሪካውያን ሴቶችም መካከል የኦሎምፒክ ወርቅ ለማግኘት የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ፥ እርሷም የአርሲ ልጅ፥ በአትላንታ የማራቶንን ሩጫ አሸነፈች። በ2000 ዓ.ም. ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ 5,000ንም 10,000ንም ሜትር በአንድ ኦሎምፒክ አሸነፈች። ዛሬ በአሰላ ከተማ በስሟ የሚጠራ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። ደራርቱም የአገሪቱ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሳለች። እነዚህ ሴቶች ከመኳንንት ቤት አልወጡም፤ ገብስና ስንዴ ከሚያበቅል፥ ከብት ከሚያረባ ከገበሬ ቤት የወጡ ናቸው። አንድ ቀን አንድ አባት ወይም አንዲት እናት «ሂጂ ሩጪ» ስላሏቸው ዓለም አወቃቸው።

አሁን ከደጋው ወደ ቈላው እንውረድ። አቦምሳ በአርሲ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርደው ምድር ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከአሰላና ከበቆጂ ይልቅ ይሞቃል። በስተ ታች በአዋሽ ዳር የኑራ ኤራ የብርቱካን እርሻ ይታወቃል፤ የመርቲም ስም በየቤታችን በቲማቲም ድልህና በማርማላታ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ እናየዋለን። በከተማይቱ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ቤት ይነገራሉ፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በጕርብትና ይኖራሉ። የበቆጂ ስም በሩጫ በዓለም እንደ ተሰማ የአቦምሳ ስም ገና አልተሰማም። ነገር ግን የበቆጂም ስም ከደራርቱ በፊት በዓለም አልተሰማም ነበር።

ነገሩ እንዲገለጥልን በአቦምሳ ከሚኖር ከአንድ ቤተ ሰብ ቤት እንደ ገባን እናስብ። አባትዬው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ልጂቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፥ ዕድሜዋም 13 ዓመት ነው። የትምህርት ቤቱ መምህርት የሴቶች ቡድን ልታቋቁም ነውና ልጂቱ በሳምንት ሦስት ቀን እስከ 11 ሰዓት እንድትቈይ ፈቃድ ጠይቃለች። ማታ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ተቀምጠዋል።

አባት፤ «እኔ ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የላክሁት ፊደል እንድትቈጥር ነው እንጂ ከወንዶች ጋራ ኳስ እንድትራገጥ አይደለም። ጎረቤቱስ ምን ይለናል?»

እናት፤ «የልጄ አባት፥ እኔን የሚያስጨንቀኝ የጎረቤት አፍ አይደለም። እርሷ እስከ 11 ሰዓት ከቈየች ውሃውን ማን ይቀዳል? ትንሹንስ ልጅ ማን ይይዛል? እኔ ከገበያ ስመለስ እሳቱ ካልተያያዘ ራት መቼ ይደርሳል?»

አባት፤ «እንግዲያውስ ተስማማን። አትሄድም።»

በዚህ ጊዜ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡት የአባትዬው እናት፥ ልጆቹ በኦሮምኛ «አኮ» ብለው የሚጠሯቸው አያት፥ ስኒያቸውን አስቀምጠው ይናገራሉ።

አያት፤ «ልጄ፥ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሰርጌ ቀን እናቴ በእጄ ምን ሰጠችኝ?»

አባት፤ «ሲንቄ ሰጡዎት፥ እናቴ።»

አያት፤ «አዎን፥ ሲንቄ ሰጠችኝ። ያ በትር ቀጭን ነው፤ በእርሱ ሰው አይመታበትም። አንዲት ሴት ተበድላ ብቻዋን ብትጮኽ የሚሰማት አልነበረም። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሲንቄያችንን ይዘን በአንድነት ስንወጣ ግን ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ይቀበሉናል፤ በዳዩም ሳይክስ ወደ ቤታችን አንመለስም ነበር። ሁለት ወንዶች ሲጣሉ በመካከላቸው ሲንቄ ከተዘረጋ በትራቸውን ይጥላሉ። ሴቶች በአንድነት ሜዳ ላይ መቆማቸው በዚህ አገር አዲስ ነገር ነውን? ይህች ልጅም የምትለምንህ ከጓደኞቿ ጋራ በአንድነት እንድትቆም ነው።»

እናት፤ «ነገሩስ መልካም ነበር፥ እማማ፤ ውሃው ግን እንዴት ይሁን?»

አያት፤ «የ15 ዓመት ወንድም የላትምን? እርሱ በየቀኑ ኳስ ሲጫወት ውሃ የሚቀዳ ማነው ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ሦስቱን ቀን እርሱ ይቅዳ፤ የቀረውን እርሷ ትቅዳ። ጀሪካኑ ወንድና ሴት አይለይም።»

አባትዬው ጥቂት ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ «እንግዲያውስ ለሁለት ወር እንየው። ትምህርቷ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ግን ይቀራል» ይላል። ልጂቱ ከጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት አንባቢ ራሱ ይገምት።

ይህ ምሳሌ ነው፤ ቃሉ ግን በብዙ ቤት ሲነገር ይኖራል። «ሴት ወደ ማጀት፥ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን አሮጌ አባባል ትተነዋል ብንልም በልባችን ውስጥ ገና አለ። በምሳሌው እንዳየነው አብዛኛውን ጊዜ ልጂቱን ከሜዳ የሚያስቀራት ጥላቻ ሳይሆን የቤት ሥራ አከፋፈል ነው። ወንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጊዜው የራሱ ነው፤ ሴት ልጅ ግን ጊዜዋ የቤቱ ነው። ስለዚህ ይህ ጕዳይ ከስፖርት በፊት የቤት አስተዳደር ጕዳይ ነው።

አሁን ወላጆች የሚያነሡአቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመርምር። የመጀመሪያው «ጨዋታው ጤናዋን ይጐዳል» የሚለው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች፥ ወንድም ሆኑ ሴት፥ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን የሚያደክም እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ኳስ ይህን በደስታ የሚያስፈጽም ጨዋታ ነው። በእርግጥ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በልጃገረዶች ላይ የጕልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ የበዛ መሆኑን ሐኪሞች ያስተምራሉ። መድኃኒቱ ጨዋታውን መከልከል አይደለም። ከጨዋታው በፊት 20 ደቂቃ ያህል በዝግታ በመሮጥ፥ በመዝለልና ጕልበትን አጥፎ በትክክል በማረፍ ሰውነትን ማሟሟቅ ጕዳቱን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። አሠልጣኙ ይህን ማድረጉን ወላጅ ሊጠይቅ ይገባል።

ምግብን በሚመለከት ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር አያስፈልግም። ጤፍ፥ ገብስ፥ ምስርና ሽንብራ፥ ጎመን፥ ወተትና እንቍላል በአርሲ ገበያ ይገኛሉ። ከተቈላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው የአርሲ ጩኮ ለሯጭም ለኳስ ተጫዋችም ብርታት የሚሰጥ ስንቅ ነው። ልጃገረድ ወርኃዊ ልማዷ ከጀመረ በኋላ ደም የሚተካ ምግብ ይልቁን ያስፈልጋታልና ምስርና ጎመን ከማዕዷ አይጥፋ። እናትም በዚህ ጕዳይ ከልጇ ጋራ ሳታፍር ትነጋገር፤ ብዙ ልጃገረዶች ከሜዳም ከትምህርት ቤትም የሚቀሩት በእነዚያ ጥቂት ቀኖች የሚያስፈልጋቸውን ለመጠየቅ በማፈራቸው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የአለባበስና የጨዋነት ጕዳይ ነው። ይህን የሚጠይቅ ወላጅ አይነቀፍም፤ ክብርን መጠበቅ የወላጅ ተግባር ነውና። ነገር ግን የጨዋታው ሕግ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የእግር ኳስ ሕግ አውጪዎች በ2006 ዓ.ም. ተጫዋቾች ፀጉራቸውን ሸፍነው እንዲጫወቱ ፈቅደዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ በተደረገው የዓለም ሴቶች ዋንጫ የሞሮኮዋ ኑሃይላ ቤንዚና ፀጉሯን በሂጃብ ሸፍና ተጫውታ፥ በዚያ ውድድር ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ረጅም ሱሪና እጅጌው የረዘመ ልብስ ከመለያው ሥር መልበስም ይቻላል። እንግዲህ የአቦምሳ የሙስሊም ቤተ ሰብ ልጅ ሃይማኖቷንና ኳሷን እንድታማርጥ የሚያስገድዳት ሕግ የለም።

ሦስተኛው «ይህ የወንዶች ጨዋታ ነው» የሚለው ነው። ይህን ያሉት እኛ ብቻ አይደለንም። የኳስ እናት በምትባለው በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ ቍጥር በ1920 ሁለት የሴቶች ቡድኖች በሊቨርፑል ከተማ ሲጋጠሙ 53,000 ሰው ተሰብስቦ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የአገሩ የእግር ኳስ ማኅበር «ጨዋታው ለሴቶች የተገባ አይደለም» ብሎ ከክለቦቹ ሜዳ ከለከላቸው። ክልከላው እስኪነሣ ድረስ 50 ዓመት ያህል ፈጀ። ዛሬ የእንግሊዝ ሴቶች በ2014 እና በ2017 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ተከታትለው የአውሮፓን ዋንጫ አሸንፈዋል። እንግሊዞች ክልከላው ስሕተት እንደ ነበረ አምነዋል፤ እኛ ያንኑ ስሕተት እንደገና ለመድገም ምን ግዴታ አለብን?

አራተኛው «ኳስ እንጀራ አይሆንም» የሚለው ነው። የሁሉም ልጅ እንጀራ እንደማይሆን እውነት ነው። ለአንዳንዶቹ ግን ሆኗል። በከምባታ በዱራሜ የተወለደችው ሎዛ አበራ በአዳማ ከተማ ቡድን ተሰልፋ በ2011 ዓ.ም. የሴቶች ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ አግኝታለች። አዳማ ደግሞ ለአቦምሳ ሰው እንግዳ ከተማ አይደለችም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ማልታ ደሴት ሄዳ በቢርኪርካራ ቡድን የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነች፤ ቡድኗም ዋንጫ ወሰደ። ከዚያም ወዲህ በአሜሪካ በዋሺንግተን ከተማ ቡድን ተሰልፋለች። ሜዳው የሚፈልገውም ተጫዋች ብቻ አይደለም። ዳኛዋ ሊዲያ ታፈሰ በ2007 እና በ2011 ዓ.ም. በተደረጉት የዓለም ሴቶች ዋንጫዎች ፉጨቷን ይዛ የኢትዮጵያን ስም አስጠርታለች። መሠረት ማኒ የድሬ ዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን እየመራች በአገራችን ፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና አሠልጣኝ ለመሆን በቅታለች። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በአዲስ አበባ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ክለቦችን አሸንፎ፥ በ2017 ዓ.ም. በሞሮኮ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ለመሳተፍ ችሏል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ወላጅ ፈቃድ ፍሬ ናቸው።

እስካሁን የተናገርነው ለወላጆች ነው። ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል የወረዳና የከተማ አስተዳደር፥ የትምህርት ጽሕፈት ቤትና የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ስለሚገኙ ለእነርሱም አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ምሳሌው ሞሮኮ ናት። ሞሮኮ በ1991 እና በ1993 ዓ.ም. በተደረጉት ውድድሮች ከተገኘች በኋላ፥ ሃያ ዓመት በሞላ ጊዜ ውስጥ በአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አልታየችም። የእርሷ ባዶ ወንበር ከእኛ ይልቅ ለረጅም ዘመን ቈይቶ ነበር። ከዚያም የአገሩ የእግር ኳስ ማኅበር ለሴቶች ደመወዝ የሚከፈልበት ሊግ አቋቁሞ፥ ከልጅነት ጀምሮ የሚያሠለጥን ሥርዓት ዘረጋ። ውጤቱ ሳይዘገይ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ሞሮኮ ለመጨረሻው ግጥሚያ ደርሳ በደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ በ2015 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ከምድቧ አለፈች፤ በ2017 ዓ.ም. ዳግመኛ ለመጨረሻው ግጥሚያ በቃች። ዋንጫውን ገና አልጨበጠችም፤ ነገር ግን ከማዕዱ ተቀምጣለች።

እኛ እንደ ሞሮኮ ያለ ገንዘብ የለንም የሚል ይኖራል። በወረዳ ደረጃ የሚያስፈልገው ግን ብዙ ገንዘብ አይደለም። አንደኛ፥ የትምህርት ቤቱ ሜዳ በሳምንት ውስጥ የታወቁ ቀኖች ለልጃገረዶች ብቻ እንዲሆን በጽሑፍ ይወሰን፤ አለዚያ ጕልበት ያላቸው ወንዶች ሁልጊዜ ይይዙታል። ሁለተኛ፥ ከመምህራን መካከል አንዲት ሴት ኃላፊ ትሁን፤ ወላጅ ልጁን ለእርሷ በእምነት ይሰጣልና። ሦስተኛ፥ ልጃገረዶቹ ልብስ የሚለውጡበት በር ያለው ክፍልና መጸዳጃ ይዘጋጅላቸው። አራተኛ፥ ጨዋታው ከመምሸቱ በፊት ያብቃ፤ ልጆቹም በቡድን ሆነው ወደ ሰፈራቸው ይመለሱ። አምስተኛ፥ የአቦምሳ ልጆች ከአሰላ፥ ከአዳማና ከሌሎቹም ከተሞች ልጆች ጋራ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሚገናኙበት ግጥሚያ ይደረግ፤ ተጋጣሚ የሌለው ቡድን ቶሎ ይበተናልና።

ወላጆችም በበኩላቸው ሦስት ነገር ቢያደርጉ ይበቃል። የቤቱን ሥራ በወንድና በሴት ልጆች መካከል በእኩልነት ያከፋፍሉ። ልጂቱ ትምህርቷን እስከ መጨረሻው እንድትቀጥል ያድርጉ፤ ዕድሜዋ ሳይደርስ ለትዳር አይስጧት፤ 18 ዓመት ሳይሞላት መዳር በሕግም የተከለከለ ነው። በቡድን የምትጫወት ልጅ ሁልጊዜ የምታያት መምህርትና ስትቀር የሚጠይቋት ጓደኞች ስላሏት፥ በስውር ለመዳር የሚያስብ ሰው እንኳ ይፈራል። ሦስተኛው ነገር ከሁሉም ይቀላል፤ ልጂቱ ስትጫወት አንድ ቀን አባቷ መጥቶ ከሜዳው ዳር ቆሞ ይያት። «ጎረቤት ምን ይለኛል?» የሚለው ፍርሃት ከሌሎቹም አባቶች ልብ የሚወጣው አንድ የተከበረ ሰው በግልጥ በሜዳ ዳር የታየ ቀን ነው።

በዚህ ሁሉ ጥረት ከአቦምሳ አንዲት እንኳ ወደ ሉሲ ቡድን ባትደርስ ድካሙ ከንቱ ነውን? አይደለም። ኳስ የምትጫወት ልጅ ተሸንፎ መነሣትን፥ ለጓደኛ ማቀበልን፥ የዳኛን ፍርድ መቀበልን ትማራለች። ነገ የቤት እመቤት፥ ነርስ፥ መሐንዲስ ወይም የወረዳ አስተዳዳሪ ስትሆን ይህ ሁሉ ያስፈልጋታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ የአንዲት ልጅ ሸክም በአሥራ አንድ ትከሻ ላይ ሲሆን ጌጥ ይሆናል።

በ1997 ዓ.ም. በዚያች በአንዲት ምት ሦስተኛነትን ያጡት ልጃገረዶች ዛሬ ብዙዎቹ እናቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። እነርሱ ለአገራቸው የሚቻላቸውን አድርገዋል። የቀረው በእኛ እጅ ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገ ከሥራ ወደ ቤትህ ስትመለስ ልጅህ ጀሪካን ይዛ ወደ ውሃ ስትሄድ፥ ወንድሟም ኳስ ይዞ ወደ ሜዳ ሲሄድ ብታገኛቸው ቆም በልና፥ ለአንድ ቀን ያህል የያዙትን እንዲለዋወጡ እዘዛቸው።